ዲማን በመጽሐፍ ውስጥ አገኘኋት

ባለፈው ክረምት ከእርሻና ከአረም በተረፈኝ ጊዜ ሁሉ መጽሐፍ ሳነብ ከረምኩ። ጎረቤቴ በአጥሬ በኩል ባለፈ ቁጥር «ዛሬስ ምን አገኘህ?» ይለኛል። እኔም ያነበብኩትን እነግረዋለሁ። አንዳንዱን ይስቅበታል። አንዳንዱን «ይኼስ ውሸት ነው» ብሎ ጥሎኝ ይሄዳል። አንዳንዱን ግን ሞፈሩን ከትከሻው ሳያወርድ ቆሞ ይሰማና «ይኼማ የኛው ነገር ነው» ይላል። ይህን ጽሑፍ ለመጻፍ ያነሣሣኝ ይኸው የመጨረሻው ቃሉ ነው።

ያነበብኳቸው መጻሕፍት ሦስት ዓይነት ናቸው። የፍቅር መጽሐፍ አለ። በእውን ሊሆን የማይችል ነገር የሚተርክ የምናብ መጽሐፍ አለ። የታሪክ መጽሐፍም አለ። እኔ ፊደል የቆጠርኩት በመሠረተ ትምህርት ነው። ዘመቻው ሐምሌ 1 ቀን 1971 ዓ.ም. ሲጀመር ሚስት አግብቼ ልጅ ወልጄ ነበር። ያስተማረኝ ዘማች ከታናሽ ወንድሜ ያንስ ነበር። ስለዚህ አስተያየቴ የምሁር አስተያየት አይደለም። ምሁራን ስለ ቋንቋው ውበትና ስለ አጻጻፉ ብዙ ብለዋል። እኔ መጽሐፍን ሁሉ የምጠይቀው አንድ ጥያቄ ነው። በዚህ ታሪክ ውስጥ ገበሬው የት ነው ያለው? ለዚያ ሁሉ ድግስ ጤፉን ያበቀለው፣ ለዚያ ሁሉ ጦር በሬው የታረደበት ማን ነው? ይህን ጥያቄ ይዛችሁ አንብቡ፤ መጽሐፉ ሌላ ይሆንባችኋል።

ከሁሉ አስቀድሜ ስለ «ፍቅር እስከ መቃብር» ልናገር። ደራሲው ሐዲስ ዓለማየሁ የጎጃም ሰው ናቸው። በልጅነታቸው የቤተ ክህነት ትምህርት ከተማሩባቸው ቦታዎች አንዱ ዲማ ጊዮርጊስ ነው። መጽሐፉ የታተመው በ1958 ዓ.ም. ነው። ብዙዎቻችሁ ታሪኩን በጆሮ ታውቁታላችሁ። ወጋየሁ ንጋቱ በኢትዮጵያ ሬዲዮ ሲተርከው፣ ሬዲዮ ያለው ሰው ቤት ተሰብስበን የሰማን ብዙ ነን። ነገር ግን መስማትና ማንበብ አንድ አይደሉም። ሬዲዮ አይመለስም። በመሀል ሕፃን ቢያለቅስ፣ ጥጃ ቢፈታ፣ ያ ቃል አመለጠ። መጽሐፍ ግን ይጠብቃል። ያልገባችሁን ገጽ መልሳችሁ ታነባላችሁ። እኔ አንዳንዱን ገጽ አራት ጊዜ አንብቤዋለሁ። ከአምስት መቶ ገጽ በላይ ነው፤ አትፍሩት። እኔ ከሰኔ እስከ መስከረም ጨርሼዋለሁ።

ታሪኩ ባጭሩ ይህ ነው። በዛብህ የማንኩሳ ሰዎች ልጅ ነው። ማንኩሳ ከኛ በስተ ምዕራብ፣ በፍኖተ ሰላምና በቡሬ መካከል ነው። ወላጆቹ ተስለው ለቤተ ክርስቲያን ሰጡት። ሲማር፣ ከደብር ደብር ሲዞር ዲማ ደረሰ። እዚያ ፊታውራሪ መሸሻ የሚባሉ መኳንንት ልጃቸውን ሰብለ ወንጌልን እንዲያስተምርላቸው ወደ ቤታቸው አስገቡት። አስተማሪና ተማሪ ተዋደዱ። እርሷ የመኳንንት ልጅ ናት። እርሱ የድሃ ልጅ ነው፤ በዚያ ላይ በስለት የታሰረ። መጨረሻውን አልነግራችሁም። ርዕሱ ራሱ ነግሮአችኋል።

ይህን መጽሐፍ ሳነብ መጀመሪያ የገረመኝ ፍቅሩ አይደለም። ዲማ ነች የገረመችኝ። ዲማ ለቢቸና ሰው ሩቅ አገር አይደለችም። በእግራችን ስንሄድባት ኖረናል፤ ለንግሥ ሄደናል፤ የሞተ ቀብረንባታል። ታዲያ ያችው ዲማ በመጽሐፍ ውስጥ፣ በአዲስ አበባ ሰው እጅ፣ በውጭ አገር ሰው እጅ ትገኛለች። እኔ ከዚያ በፊት መጽሐፍ የሚጻፈው ስለ ሮምና ስለ ኢየሩሳሌም ብቻ ይመስለኝ ነበር። የኛ አገር ጭቃ፣ የኛ አገር ጠላ፣ የኛ አገር ነገረኛ ሽማግሌ በመጽሐፍ ይገባል ብዬ አስቤ አላውቅም።

አሁን ወደ ሰብለ ወንጌል ልምጣ። አባትዋ ለዘራቸው የሚመጥን ባል ሲመርጡ፣ የመጣውን ሁሉ ሲመልሱ፣ የልጅቱ ዕድሜ አለፈ። የኛ ሴቶች ልጆች ደግሞ ጥርሳቸውን ሳይነቅሉ ይዳሩ ነበር። እናቴ በስንት ዓመትዋ እንደተዳረች እርሷም አታውቀው። አንዷ ዘገየች፤ ሌላዋ ቸኮለች። ሁለቱንም «አንቺስ ምን ትያለሽ?» ብሎ የጠየቃቸው የለም። በዛብህንም ቢሆን በልጅነቱ ሲሳልበት የጠየቀው የለም። የመጽሐፉ ኀዘን ከዚህ ይጀምራል ብዬ አምናለሁ። ሽፍታውና መንገዱ ኋላ የመጡ ናቸው።

ይህን ለመንደራችን ሰዎች ስተርክ አንድ አባት ምን አሉ? «በሉ እንግዲህ፤ ሴት ልጅ ፊደል ስትቆጥር የሚመጣው ይኸው ነው» አሉ። ሳቅን። ግን ነገሩ የሚሳቅበት አይደለም። ሰብለ ወንጌልን የጎዳት ፊደሉ ነው ወይስ የዘር ቆጠራው? ፊደሉ ባይኖር ኖሮ በዚያ ትልቅ ግቢ ውስጥ ከዓለም አንድም ነገር ሳታውቅ ታረጅ ነበር። እኔ ለኚያ አባት የመለስኩላቸው ይህንን ነው። እርሳቸውም «እስቲ ይሁን» አሉ። ዘንድሮ የልጅ ልጃቸው ትምህርት ቤት ገብታለች። የኔ ክርክር ይሁን ሌላ ምክንያት አላውቅም።

ስለ ጉዱ ካሣም አንድ ነገር ልበል። በመጽሐፉ ውስጥ ሰው ሁሉ ዕብድ ነው ይለዋል። የመኳንንት ዘመድ ሆኖ ሳለ የመኳንንትን ሥራ ይነቅፋልና። መጀመሪያ ሳነበው እኔም ሳቅሁበት። ሁለተኛ ሳነበው ከዚያ ሁሉ ሰው ጤነኛው እርሱ ብቻ እንደሆነ ገባኝ። ቅር ያለኝ አንድ ነገር ነው። ጉዱ ካሣ ንግግሩ ረጅም ነው። እንዲህ አድርጎ የተናገረ ሰው በኛ ሰንበቴ ቢገኝ ጠላው ሳይቀዳ ይመሽ ነበር። ደራሲው የልባቸውን በርሱ አፍ ስለተናገሩ ይመስለኛል።

በመጽሐፉ ውስጥ ፍቅሩን ለማግኘት የሚቸኩል ሰው ዘሎ የሚያልፈው አንድ ትልቅ ክፍል አለ። የገበሬዎቹ አመፅ ነው። እርሱን ለኋላ አቆይቼዋለሁ።

ሰብለ ወንጌል በዛብህን ፍለጋ ስትወጣ መነኩሴ መስላ ነው። ይህን ሳነብ ሌላ መጽሐፍ ትዝ አለኝ። አፈወርቅ ገብረ ኢየሱስ የጻፉት «ልብ ወለድ ታሪክ» ነው። በ1900 ዓ.ም. በሮም ታተመ። ከአማርኛ ልብ ወለዶች ሁሉ የመጀመሪያው ነው። ብዙ ሰው «ጦቢያ» ይለዋል፤ በውስጡ ባለችው ልጅ ስም ነው። ጦቢያ የጠፋ ወንድሟን ፍለጋ ከአባቷ ጋር ስትወጣ ጠጉሯን ተቆርጣ፣ የወንድ ልብስ ለብሳ ነው። መንገዱ አደገኛ ነው፤ ጦርነት አለ፤ ሰው ሸጦ አዳሪ አለ። ታሪኩ በመጨረሻ በደስታ ያልቃል፤ ሠርግም አለበት። እንግዲህ አስተውሉ። አፈወርቅ ጣና ዳር፣ ዘጌ የተወለዱ ናቸው። ሐዲስ ከደብረ ማርቆስ በኩል ናቸው። ሁለቱ መጻሕፍት በመካከላቸው 58 ዓመት አለ። ሁለቱም ሴት ልጅን በሰላም በመንገድ ሊያስኬዷት አልቻሉም። አንዱ ወንድ አስመሰላት፤ አንዱ መነኩሴ አስመሰላት። ደራሲያኑ ተመካክረው አይደለም። የአገሩ መንገድ እንዲያ ስለነበረ ነው። ለኔ ይህ ከታሪክ መጽሐፍ የማይተናነስ ምስክር ነው።

የ«ጦቢያ» ቋንቋ ይከብዳል። በቀን ከሁለት ገጽ በላይ አልቻልኩም። አዲስ አንባቢ በርሱ አይጀምር። ደግሞ አንዳንድ ሰው «አፈወርቅ በጠላት ወረራ ዘመን ለጣሊያን ያደረ ሰው ነው፤ መጽሐፉን ለምን ታነባለህ?» ይለኛል። ለጣሊያን ማደራቸው እውነት ነው። እኔም በዚህ አዝናለሁ። መጽሐፉ የተጻፈው ግን ከወረራው 28 ዓመት በፊት ነው። እህሉን ሳይቀምሱ በዘሪው ብቻ መፍረድ አይገባም እላለሁ።

የፍቅር ነገር ከተነሣ ከባሕር ማዶም አንድ አለ። ከበደ ሚካኤል «ሮሜዎና ዡልየት» ብለው ወደ አማርኛ የመለሱት የእንግሊዙ የሼክስፒር ሥራ ነው። ሁለት ባላንጣ ቤተ ዘመዶች አሉ። የአንዱ ልጅ የሌላውን ልጅ ወደደ። ቂሙ ልጆቹን በላ። ይህን ለጎረቤቴ ስነግረው «እንዴ! እንግሊዝም ደም ይመላለሳል?» አለኝ። ሰውዬው ከጻፈው ከአራት መቶ ዓመት በላይ ሆኖታል። በኛ አገር ደም ያቃባቸውን ሰዎች ሽማግሌ በልጅ ጋብቻ ሲያስታርቅ አይተናል። እነዚያ ሽማግሌ አጡ። ስለዚህ መጽሐፍ ይኼው ይበቃል።

አሁን ወደ ምናቡ መጽሐፍ እንሂድ። ጎረቤቴ «ውሸት ነው» ያለው ይህንን ነው። «አልወለድም» ይባላል። አቤ ጉበኛ በ1955 ዓ.ም. ያሳተሙት ነው። እርሳቸውም የጎጃም ተወላጅ ናቸው። በመጽሐፉ ውስጥ አንድ ፅንስ በእናቱ ማኅፀን ሆኖ ይናገራል። «ወደዚህ ዓለም አልመጣም» ይላል። ድህነቱን፣ ግፉን፣ አድልዎውን ከዚያው ሆኖ ያያል፤ ከሰዎች ጋር ይከራከራል። ጎረቤቴ «ያልተወለደ ልጅ እንዴት ይናገራል?» ብሎ ተቆጣ። እኔም «አንተ ቀበሮና አንበሳ ሲነጋገሩ ስትተርት አላደግህም?» አልኩት። ዝም አለ።

ለመሆኑ ደራሲው ለምን ይህን አደረጉ? በዚያን ዘመን የተወለደ ሰው እንዲያ ቢናገር እስር ቤት ይገባል። ያልተወለደውን ማን ያስራል? ብልሃቱ እዚህ ላይ ነው። ቢሆንም መንግሥት አልተታለለም። መጽሐፉ ወጥቶ ብዙም ሳይሸጥ ታገደ። እንግዲህ ፍረዱ። ውሸት ብቻ ቢሆን ኖሮ ማን ያግደው ነበር? ሰው የሚፈራው እውነትን ነው። አያቶቻችን በተረት የተናገሩትን ነገር በአደባባይ ቢናገሩት ምላሳቸው ይቆረጥ ነበር። ተረት መሸሸጊያ ነው።

ጉድለቱንም ልንገራችሁ። መጀመሪያው ልብ ይሰቅላል። እየቆየ ግን ንግግር ይበዛል። ስብከት እየመሰለ ሲሄድ እኔ ሁለት ቀን ትቼው ነበር። በግልጽ ልናገር፤ የጉዱ ካሣ ችግር እዚህም አለ። የኛ ደራሲያን የልባቸውን ለመናገር ስለ ቸኮሉ ታሪኩን አንዳንዴ ሜዳ ላይ ጥለውት ይሄዳሉ። ሆኖም ገበሬው የት ነው ላልኩት ጥያቄ «አልወለድም» መልስ አለው። ገበሬውም ወዛደሩም ልጃቸውን ለምን ዓይነት ዓለም እንደሚወልዱ ይጠይቃል። በክፉ ቀን ልጅ የወለደ ሰው ይህ ጥያቄ አይጠፋውም። በ1977 ዓ.ም. ድርቅ በወሎና በትግራይ የነበሩ እናቶች ይህን ጥያቄ ያለ መጽሐፍ ጠይቀውታል።

ስለ ታሪክ መጻሕፍት ያለኝ ነገር ይበዛል። ቅሬታዬም የሚበዛው እዚህ ላይ ነው።

አለቃ ተክለ ኢየሱስ ዋቅጅራ የጎጃምን ታሪክ የጻፉ ሰው ናቸው። የየአገሩን አቅኚ፣ የየወገኑን የዘር ሐረግ ከዓባይ እስከ ዓባይ ቆጥረዋል። የራሳችሁን አያት ቅድመ አያት ፈልጉ፤ ምናልባት ታገኙ ይሆናል። እኔ የእናቴን ወገን አገኘሁ፤ የአባቴን አጣሁ። የሚደንቀው ግን የጸሐፊው የራሳቸው ነገር ነው። የተወለዱት ከዓባይ ማዶ፣ በኦሮሞ አገር ነው። በልጅነታቸው የጎጃም ጦር ማርኮ አመጣቸው። እዚሁ አደጉ፤ ተማሩ፤ አለቃ ሆኑ፤ ሥዕልም ይሥሉ ነበር። የኛን ዘር የቆጠረልን ከኛ ዘር ያልተወለደ፣ ያውም በኛ ጦር የተማረከ ልጅ ነው። በዘሩ የሚኩራራ ሰው ሲያጋጥመኝ ይህን እነግረዋለሁ።

ታዲያ የአለቃም መጽሐፍ ቢሆን በአመዛኙ የነገሥታት፣ የመኳንንትና የዘር ሐረግ ነገር ነው። ሌሎቹ የታሪክ መጻሕፍትማ አይነሡ። ንጉሥ ተክለ ሃይማኖትና ምኒልክ በ1874 ዓ.ም. እንባቦ ላይ ተዋጉ፤ ተክለ ሃይማኖት ተማረኩ፤ ይህን ሁሉም ይጽፋል። በ1881 ዓ.ም. አፄ ዮሐንስ ጎጃም ገብተው አገሩን አጠፉ፤ ይህንንም ይጽፋሉ። እኔ «ሠራዊቱ አለፈ» የሚል ስመለከት ሐሳቤ ወደ ጎተራው ይሄዳል። ሠራዊት በባዶ ሆዱ አያልፍም። የማንን ጎተራ ገለበጠ? የማንን የእርሻ በሬ አረደ? የዘር እህሉ የተወሰደበት ሰው ሰኔ ሲገባ ምን ዘራ?

ከዚያ በላይ የመጣውን ስሙ። በዚያው ሰሞን የከብት በሽታ ገባ። በምፅዋ በኩል፣ ጣሊያኖች ባመጡት ከብት እንደገባ ይነገራል። በሬ አለቀ። ሰው በእጁና በዶማ ቆፈረ። አፄ ምኒልክ ራሳቸው ዶማ ይዘው ቆፍረው ለሕዝቡ አርአያ እንደሆኑ ተጽፏል። አገሩ ሁሉ ያን ዘመን ክፉ ቀን ይለዋል። እኔን ከጠየቃችሁኝ ከእንባቦ ጦርነት ይልቅ የበሬው እልቂት ትልቅ ታሪክ ነው። ንጉሥ ቢማረክ ሌላ ንጉሥ ይመጣል። በሬ ካለቀ ማረሻ ይቆማል። ግን ለጦርነቱ አሥር ገጽ፣ ለበሬው አንድ ገጽ! ይህን ሚዛን የያዘው ሰው ሞፈር ይዞ አያውቅም።

ስለ ደጃዝማች በላይ ዘለቀም እንዲሁ ነው። የቢቸና ሰው ስማቸው ሲጠራ ደረቱን ይነፋል፤ ይገባዋል። አምስት ዓመት ጣሊያንን በዱር በገደል ተዋጉ። አገር ነፃ ከወጣ በኋላ ከመንግሥት ጋር ተጣሉ። በ1937 ዓ.ም. በአዲስ አበባ በስቅላት ተቀጡ። ስለ ርሳቸው የተጻፈ፣ የተዘፈነ ብዙ ነው። ስለ ጀግንነታቸው አንብቤ አልጠግብም። ግን አንድም ጊዜ «ጦሩ ምን ይበላ ነበር?» የሚል ክፍል ቢገኝበት ብዬ እመኛለሁ። ጦሩን አምስት ዓመት ሙሉ የቀለበው የቢቸና ገበሬ ነው። ማታ ማታ ዳቦ ጋግራ፣ ቆሎ ቆልታ፣ በጨለማ ቁልቁለት የወረደችው ሴት ስሟ የለም።

እንግዲህ ለኋላ ያቆየሁትን ነገር ላምጣው።

በ«ፍቅር እስከ መቃብር» ውስጥ ፊታውራሪ መሸሻ ባላገሩን ከለመደው ግብር በላይ ሌላ አምጣ ይሉታል። ባላገሩ እምቢ ይላል። አበጀ በለው የሚባል ገበሬ ይመራዋል። ፊታውራሪ ጦር ይዘው ይወጣሉ። ገበሬዎቹ ያሸንፏቸዋል፤ ይማርኳቸዋል። በሬዲዮ ስሰማው ያሳቀኝ ነበር፤ በመጽሐፍ ሳነበው ግን አላሳቀኝም። ምክንያቱን ልንገራችሁ።

መጽሐፉ የወጣው በ1958 ዓ.ም. ነው ብያለሁ። ከሁለት ዓመት በኋላ፣ በ1960 ዓ.ም. መንግሥት የእርሻ ሥራ ገቢ ግብር አዋጅ አወጣ። የጎጃም ገበሬ ነገሩን የሰማው በሌላ ጆሮ ነው። «ቀላድ ሊጣል ነው፤ ርስታችን ተለክቶ ሊወሰድ ነው» አለ። ሞጣና ቢቸና እምቢ አሉ፤ ሌላውም የጎጃም አገር ተነሣ። ገማቾቹ ተመለሱ። መንግሥት ወታደር ላከ፤ አውሮፕላን ላከ፤ በአንዳንድ ቦታ ቦምብ ተጣለ። ገበሬው አልተበገረም። በመጨረሻ አገረ ገዢው ተነሡ። ውዝፉ ግብር ተሰረዘ። አዲሱም ግብር ሳይሰበሰብ ቀረ። «ሰማይ አይታረስ፣ ንጉሥ አይከሰስ» ሲል የኖረ ሕዝብ ንጉሥን አሸነፈ ማለት ነው።

ልብ በሉ። እነዚያ ገበሬዎች «ፍቅር እስከ መቃብር»ን አላነበቡም። አብዛኛው ፊደል አያውቅም ነበር። መጽሐፉ አላስነሣቸውም። ደራሲው ሕዝባቸውን ስለሚያውቁ አስቀድመው ጻፉት። የፍቅር መጽሐፍ ነው የተባለው፣ የታሪክ መጽሐፍ ያላየውን አየ። ከመጻሕፍቱ ሁሉ ይህን የማስበልጠው በዚህ ነው።

ታዲያ ስለ 1960ው አመፅ ራሱ የተጻፈውን ፈለግሁ። የፕሮፌሰር ባሕሩ ዘውዴ «የኢትዮጵያ ታሪክ ከ1847 እስከ 1983» ላይ ተጠቅሶ አገኘሁ። ደስ አለኝ፤ ግን አጭር ነው። የአገር ሁሉ ታሪክ በአንድ መጽሐፍ ሲጻፍ ለሞጣና ለቢቸና ከዚያ በላይ ቦታ ላይገኝ ይችላል። ሰፊው ያለው ገብሩ ታረቀ ስለ ገበሬዎች አመፅ በጻፉት መጽሐፍ ነው። ለጎጃም አንድ ሙሉ ምዕራፍ ሰጥተውታል። በፈረንጅ 1991 የታተመ ነው። የተጻፈው ግን በእንግሊዝኛ ነው። የሞጣ ገበሬ ታሪክ ለሞጣ ገበሬ በማይገባ ቋንቋ! መምህርት የሆነችው ልጄ ሦስት ማታ እየተረጎመች አነበበችልኝ። የመጽሐፉ ሐሳብ ገበሬው ከባላባቱ ጋር አብሮ ርስቱንና ልማዱን ለማዳን ቆመ እንጂ ሥርዓቱን ሊለውጥ አልተነሣም የሚል ነው።

እውነትነት አለው። እኛ ዘንድ የገበሬ መሪ የሚሆነው ከደህና ቤት የተወለደ፣ መሣሪያ ያለው ሰው ነበር። ግን ሁሉንም አልቀበልም። ርስቱን ማዳን ትንሽ ነገር ነው እንዴ? ርስት ማለት ለኛ መሬት ብቻ አልነበረም። ርስት የሌለው ሰው ጢሰኛ ነው። ዓባይን ተሻግሮ ያየ ሁሉ የጢሰኛን ኑሮ ያውቃል፤ ግማሹን ምርት ሰፍሮ የሚሰጥ ነበር። ገበሬው የነበረውን ያዘ ማለት ወደ ኋላ ሄደ ማለት አይደለም። ሊጥሉት ከነበረው ጉድጓድ ራሱን ጠበቀ።

እኔ በዚያን ጊዜ ከብት ጠባቂ ነበርኩ። ቢቸና አጠገብ። የአውሮፕላኑን ድምፅ ሰምቻለሁ። ፍየሎቹ ተበታትነው ሁለቱን ሳጣ አባቴ ይገርፈኛል ብዬ ያለቀስኩትን አስታውሳለሁ። አባቴ ግን አልገረፈኝም። ያን ቀን ስለ ፍየል ያሰበ ሰው አልነበረም። ታዲያ እኔ የማውቀው ይህንኑ ነው፤ የሕፃን ነገር። ሙሉውን የሚያውቁት ሞጣ የነበሩት አጎቴ፣ የእናቴ ወንድም ነበሩ። ጫካ ገብተው ነበር። ካቻምና የልጄን መጽሐፍ ከሰማሁ በኋላ ደብተር ገዝቼ ወደርሳቸው ሄድኩ። «አጎቴ፣ ይንገሩኝ፤ እጽፈዋለሁ» አልኳቸው። እርሳቸውም «ምን ሊያደርግልህ ነው፣ ልጄ? ያለቀ ነገር ነው» አሉኝ። ኋላ ግን ነገሩኝ። ማን መልእክት ይዞ ከሞጣ ወደ ቢቸና እንደ ሮጠ፣ ማን እንደ ከዳ፣ ስንቅ የሚቋጥሩት ሴቶች በየትኛው ዋሻ ያስቀምጡት እንደነበር ነገሩኝ። በየትኛውም መጽሐፍ ያላገኘሁትን የስንቅ ነገር ከርሳቸው አገኘሁ። የአክስቴ ስም በደብተሬ ሦስተኛ ገጽ ላይ አለ።

አራት ጊዜ ተመላለስኩ። አሥራ አራት ገጽ ጻፍኩ። አምስተኛውን ጊዜ «መኸሩን ልሰብስብና» ብዬ አሳደርኩት። አጎቴ በጥር አረፉ። ደብተሩ አሥራ አራተኛው ገጽ ላይ፣ በአንድ ዓረፍተ ነገር መካከል ቆሟል። ከወንዙ ማዶ ያለው ሰው ማን እንደነበር ሊነግሩኝ ሲሉ ቡና ደርሶ ነበር ያቋረጥነው።

«ፍቅር እስከ መቃብር»ን አሁን ለጎረቤቴ አውሼዋለሁ። እርሱ ማንበብ የጀመረው ዘግይቶ ነው፤ በጣቱ እየተከተለ፣ ድምፁን አውጥቶ ያነባል። ከቤቴ ሆኜ እሰማዋለሁ። በዛብህ ሲያዝን ድምፁ ይወርዳል። ሰሞኑን አበጀ በለው ጋ ደርሷል። ትናንት በአጥሩ ላይ ተደግፎ ቆየና «አንተ፣» አለኝ፣ «እኔ እኮ በ60 ዓ.ም. ሞጣ ነበርኩ። የዚያን ጊዜ ሚስቴ እርጉዝ ነበረች። አልነገርኩህም እንዴ?»

አልነገረኝም። ይህን ያህል ዘመን አጥር ለአጥር ስንኖር አንድም ቀን አልነገረኝም። ዛሬ ማታ ከብቱን አስገብቼ፣ ደብተሬን ይዤ እሄዳለሁ።